ጨፋን ያልቆለፈው ሰው

ኢድሪስ መሞቱን ለከሚሴ የነገረው የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ነው። ለቀረው ዓለም የነገርኩት ግን እኔ ነኝ።

ጉራ እንዳይመስልብኝ ነገሩን ላስረዳ። ኢድሪስ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ በነፃ ለቆ ነበር። ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ላይ የራሱ ገጽ አለው። ከየአገሩ ሰው እየገባ ይጠይቀዋል፣ ይጨቀጭቀዋል፣ አንዳንዱም ያመሰግነዋል። እሱ ከተቀበረ በኋላም መጠየቃቸውን አልተዉም። «ይህ ነገር እኔ ጋ አልሠራም»፣ «አዲሱ መቼ ይወጣል?»፣ «ምነው ጠፋህ፣ ሰላም ነህ ወይ?» ይላሉ። ላፕቶፑ ያለው እኔ ሱቅ ነው። ወደ ባቲ ሲሄድ «መዲና፣ አቧራ እንዳይበላብኝ» ብሎ አስቀምጦብኝ ነበር። የእኔ እንግሊዝኛ የማመልከቻ እንግሊዝኛ ነው፤ «በታላቅ ሐዘን እየገለጽኩ» ብዬ ጀመርኩና መሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲሸተኝ ሰረዝኩት። «ኢድሪስ ሞቷል። እኔ ጎረቤቱ ነኝ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

መልስ ይጎርፍ ጀመር። አንዱ የት እንደሆነ እንኳ ከማላውቀው አገር ምን ቢል ጥሩ ነው? «አንድ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ብዙ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ይመስለኝ ነበር።» ይህን ሳነብ በቀብሩ ቀን ያልወጣልኝ ለቅሶ ወጣልኝ። ድርጅት ነው የሚለው! ምሳውን እንኳ አብሮት የሚቆርስ ሰው ያልነበረውን ኢድሪስን።

ሱቆቻችን ጎን ለጎን ነበሩ፤ ከደሴው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ባጃጆች ተራ የሚይዙበት አጠገብ። የእኔ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው። የእሱ በር ላይ «ኢድሪስ ስቱዲዮ» የሚል ታፔላ አለ፤ ውስጡ ግን አሮጌ ፍራሽና ብርድ ልብስ የተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ነው። በከሚሴ ሙቀት እዚያ ፍራሽ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ሰው ወይ ዕብድ ነው ወይ ኢድሪስ ነው እል ነበር። መንዙማ ይቀዳል፣ የሠርግ ዘፈን ይቀዳል፣ በባጃጅ ላይ የሚለፈፍ ማስታወቂያም ይቀዳል። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። የጆሮ ማዳመጫው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ አንድ ጁምዓ ይዞት መስጊድ ገብቶ ሰው ሁሉ ሲያየው፣ እሱ የሚያዩት አዲስ ሸሚዝ ስለለበሰ መስሎት ነበር።

አንድ ነገር ሲነገረው ቶሎ አይመልስም። እጁን ከፍ ያደርግና «ቆይ፣ ልስማው» ይላል። ድምፅ ቢሆን ይህ ምንም አይደለም። ወጥ ሲቀምስም «ልስማው» ነው። ሰው ሲያማለትም «ልስማው» ብሎ ዝም ይላል፤ አሚው በዝምታው አፍሮ ወሬውን ይተወዋል። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከዚያ ማዶ «አካም ቡልቴ፣ ያ መዲና?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ይለኛል። «ገላታ ረቢ፣ አላህ ይመስገን» እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ቀትሩ የዙሁር ሰላት ከእሱ የምሰማው የድቤ፣ የዚያ ከበሮ፣ ድምፅ ብቻ ነው።

የድቤው ነገር እንዲህ ነው። ኢድሪስ ድሮ እንደማንኛውም ሰው የሚሠራው ክራክ በተደረገ፣ ቁልፉ ተሰብሮ በተገለበጠ ፕሮግራም ነበር። እኛ አገር ማን ሶፍትዌር ገዝቶ ያውቃል? እኔም የምጽፍበት ከየት እንደመጣ አላህ ይወቀው። አንድ ቀን ከጨፋ የመጡ የመንዙማ ሰዎችን ሲቀዳ ቆይቶ በመሃል አቆመና ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ተለዋውጧል።

«መዲና፣ የነቢን ውዳሴ በተሰረቀ ዕቃ ነው እንዴ የምቀዳው?»

«ማን ሰረቀው? አንተ ከፍላሽ ነው የገለበጥከው» አልኩት።

«ያው ነው እኮ።»

«እሺ ግዛዋ!»

«በዶላር ነው የሚሸጠው። ዶላሩ ቢገኝም የሚከፈልበት ካርድ የለኝም።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መንዙማ መቅዳቱን እርግፍ አድርጎ ተወ። ዋናው ገበያው እሱ ነበር። ባለቤቱ ዘይነባ ዕብደት ነው አለች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነበርኩ። ኢንተርኔት በሚኖርበት ሰዓት ሁሉ ሲፈልግ ከርሞ በመጨረሻ አንድ ሲንተሳይዘር አገኘ። ሲንተሳይዘር ለማያውቅ ሰው፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኦርጋን ማለት ነው፤ ዕቃው የለም፣ ድምፁ አለ፤ መቅጃም አብሮት አለ። ሠሪዎቹ ፈረንጆች ናቸው፤ በነፃ ለቀውታል፤ ኦፕን ሶርስ ነው ይሉታል። ኢድሪስ የፈቃዱን ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታ አነበበው። የሚለውም፦ ውሰድ፣ ተጠቀም፣ ውስጡን ከፍተህ ቀይር፣ ብትፈልግ ሽጠው። ቀይረህ ለሌላ ስትሰጥ ግን ውስጡን እንደተከፈተ፣ በዚሁ ውል ስጥ።

እኔ ነገሩ አልገባኝም። «ሽጠው ካለ በኋላ ክፍት አድርገው ማለት ምን ማለት ነው? ምን ዓይነት ንግድ ነው?» አልኩት።

ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ገፋ አደረገ። «የአባቴ መንደር መንዙማ የሚባልበት የሐድራ ድቤ አለ» አለኝ። «ባለቤት የለውም። ወዳጃ፣ የዱዓ ስብስብ ያለው ይወስደዋል፣ ሠርግ ያለው ይወስደዋል። ቆዳው የተቀደደበት ያሳድሰዋል፤ አሳድሶ ሲመልስ ‹ቆዳው የእኔ ነው፣ ልንቀለው› አይልም። ሲመታ ከተሸለመም ይሸለም፣ ማንም ዓይኑን አያቀላበትም። ቤቱ አስገብቶ የቆለፈበት ሰው ግን ሲሞት እንኳ ስሙ አይነሳም።»

«እና ፈረንጆቹ ድቤ አዋሱህ?»

«በአማና፣ በአደራ» አለኝ፤ ከት ብሎ ሳቀ።

ያንን ሲንተሳይዘር ወስዶ የእኛን ቅኝት አስገባበት፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን። ከዚያ የአባቱን መንደር ድቤ አምጥቶ ድምፁን ይቀዳ ጀመር። ድቤው ቀስ ተብሎ ሲመታ፣ በጠንካራ እጅ ሲመታ፣ ጠርዙን ሲነካ፣ መሃሉን ሲነካ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ይቀዳል። አንድ ምት ይመታል፣ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል፣ ተበላሸ፤ እንደገና ይመታል፣ አዛን ይላል፣ ተበላሸ። በግድግዳው በኩል ቀኑን ሙሉ «ድም» ሲል ይውላል። ደንበኞቼ «ማንን ነው እዚያ የሚደበድበው?» ይሉኛል። እኔም «እራሱን ነው» እላቸዋለሁ።

ሲያልቅ ስሙን ጨፋ አለው፤ ያ ድቤ ካለበት ሸለቆ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀቀው። መንዙማውንም በእሱ እንደገና መቅዳት ጀመረ። የዚያን ሰሞን ኢድሪስን የመሰለ ደስተኛ ሰው ከሚሴ ውስጥ አልነበረም፤ ሲራመድ እንኳ ጉብጠቱ ቀለል ያለለት ይመስላል።

ደስታው ግን ቤት ድረስ አልሄደም። ዘይነባ ገበያ ልብስ ትሸጣለች፤ አንደበተ ርቱዕ፣ ሳቂታ፣ ስትቆጣ ደግሞ የማትመለስ ሴት ናት። ሁለት ልጆች አሏቸው። «ሰው ሁሉ የሚገለገልበት ዕቃ ሠርተህ እኔ ጨው ልበደር?» አለችው። እውነቷን ነው። እሱም ልስማው ብሎ ጥቂት ቀን ቆየና የሚሸጥ ጨፋ አወጣ። ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚያውቅበት ራሱ ገጣጥሞ በነፃ ይጠቀምበታል። ገጥሞ መጫን የማይችል ደግሞ ተገጥሞ ያለቀለትን፣ አንዴ ተጭኖ የሚሠራውን ይገዛል። ዋጋው አንድ ደህና ጫማ አይገዛም። ከውጭ ሊገዙት የፈለጉ ነበሩ፤ የሚከፍሉበት መንገድ እኛ አገር ድረስ አይመጣም። የአገሬው ሰው ደግሞ በነፃ የሚገኝ ነገር ውስጥ ውስጡን የተበላሸ ይመስለዋል፤ የሚሸጠውን ደግሞ መግዛት አይወድም።

አሊዬን መቼም አልረሳውም። አሊዬ የሠርግ ኦርጋን ተጫዋች ነው፤ ከኢድሪስ ስቱዲዮ ቢያስነጥስ የሚሰማበት ቦታ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን ላፕቶፑን ታቅፎ፣ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ቫይረስ የሠርግ ቅጂዎቹን ሁሉ በልቶበታል። ኢድሪስ ከፍቶ ሲያየው ምን ያገኛል? «ጨፋ፣ የሚሸጠው፣ ክራክ የተደረገ» የሚል።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለው።

«ደሴ ፍላሽ ከሚሸጥ ልጅ። ከፍዬበት ነው፤ ወላሂ ቀላል ገንዘብ አይደለም።»

«አሊዬ፣ ይሄንን እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ያንተ ነፃው ነው። ይሄ ኦሪጅናሉ ነው።»

እኔ በሳቅ ፈርሼ በር ላይ ተቀመጥኩ። ኢድሪስ ግን አልሳቀም። «ኦሪጅናሉም የእኔ ነው» አለው ቀስ ብሎ። «ክራክ ምን ያደርግልሃል? ገዝቶት ያለ ጓደኛህ ቢሰጥህ ገልብጠህ መጠቀም ሐላልህ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ አንተ በመስኮት ገብተህ ተሰበርክ።»

አሊዬ ነገሩን ሲያብሰለስል ቆየና «ከጓደኛ መገልበጥ ከተፈቀደ ታዲያ ለምንድን ነው የምትሸጠው?» አለው። ኢድሪስ ቀኑን ሙሉ የአሊዬን ላፕቶፕ ሲያጸዳ ዋለ፤ ጨፋንም በነፃ ጫነለት፤ ምንም አልተቀበለውም። ማታ ዘይነባ ይህን ስትሰማ አሊዬን ቤቱ ድረስ ሄዳ እንደሰደበችው ሰምቻለሁ።

ከዚያ የአዲስ አበባው ሰውዬ መጣ። የአንድ የሙዚቃ ድርጅት ሰው ነው፤ ንጹሕ መኪና፣ ንጹሕ ጫማ፣ አፉ ማር። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ እኔም ጆሮዬን አልደፈንኩም። ያቀረበው ይህ ነበር፦ ኢድሪስ ከነቤተሰቡ አዲስ አበባ ይገባል፤ ቤት ይከራዩለታል፣ ደመወዝ አለው፣ ልጆቹ ጥሩ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ድርጅቱ በውጭ አገር ገንዘብ የሚቀበልበት መንገድ አለው። ጨፋ ስሙ ተቀይሮ፣ ተዘግቶ ይሸጣል። ዘይነባም እዚያው ተቀምጣለች። ትንፋሿ የተሰማኝ ይመስለኛል።

«ቆይ፣ ልስማው» አለ ኢድሪስ። ከዚያ «ኮዱስ ክፍት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ።

ሰውዬው ሳቀ። «ክፍት ከሆነ ማን ይገዛል ጋሼ?»

«ሽጡት፣ አልከለክልም። ለገዛው ሰው ግን ውስጡን ስጡት። እኔም እንዲሁ ነው የተሰጠኝ።»

«እነዚያ ፈረንጆች ከሚሴ ድረስ መጥተው አይከስሱህም!»

«አይመጡም» አለ ኢድሪስ። «አምነውኝ እኮ ነው የማይመጡት።»

ሰውዬው በቁጣም አልሄደም፤ ስልኩን ጽፎ «ሐሳብህን ከቀየርክ» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከግድግዳው ማዶ የሰማሁት የዘይነባን ድምፅ ነው። አልጮኸችም። «አንተ ለማታውቃቸው ሰዎች ታማኝ ነህ» አለችው። «እኛስ?» ምን እንደመለሰላት አልሰማሁም፤ የመለሰላት አይመስለኝም።

ብዙም ሳይቆይ ልጆቹን ይዛ አዲስ አበባ ወንድሟ ጋ እንደምትሄድ ተሰማ። ወንድሟ መርካቶ ይነግዳል፤ ከእሱ ጋር ትሠራለች ተባለ። ኢድሪስ ሻንጣቸውን በትከሻው ተሸክሞ በሱቄ በር ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ትንሹ ልጅ ማዳመጫውን በአንገቱ አጥልቆ እየዘለለ ይከተለዋል። ሲመለስ ማዳመጫው ከራሱ አንገት ላይ ነበር። እኔ ሱቅ ገባና ቆመ። «ምን ላድርግልህ?» አልኩት። የሚያስገለብጠው ነገር አልያዘም። «እንጃ» አለ፤ ወንበር ሰጠሁት፤ እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሰላት ድረስ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኢድሪስ ነው ልቤን የሚበላኝ። ከሆቴል ምሳ ያመጣና ቆሞ ይበላል፤ ተቀምጦ መብላት ሰው ይጠይቃል ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ኔትወርክ ለወራት ጠፍቶ ልጆቹን ማግኘት አቃተው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሾፌር ባገኘ ቁጥር ሰላምታ ይልካል፤ ሾፌሮቹም ሲያዩት መንገድ መቀየር ጀምረው ነበር። ኔትወርክ ሲመለስ መጀመሪያ የሚገባው የማያውቃቸው ሰዎች ጥያቄ ነው። ቁጭ ብሎ ለሁሉም ይመልሳል። አንዱ በረዶ አገር የሚኖር ሰው በጨፋ ድቤ የሠራውን ሙዚቃ ልኮለት፣ ኢድሪስ ጠርቶ አሰማኝ። እኔ እንኳን ዓይነቱን ስሙንም የማላውቀው ሙዚቃ ነው፤ መሃሉ ላይ ግን የዚያ መንደር ድቤ «ድም» ይላል። ኢድሪስ ፊቱ በራ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ። «ለዘይነባ ባሰማት ጥሩ ነበር» አለኝ።

በዒድ ቤቴ ጠራሁት። መጣ፣ ደህና በላ፣ ልጆቼን በአፉ የባጃጅ ድምፅ እያሰማ አሳቃቸው። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ዞረ። «ልጅ ያለበት ቤት ድምፁ ሌላ ነው» አለ። የዚያን ዕለት አላስቻለኝምና ተናገርኩት።

«ሂድና አምጣቸዋ! ባል አይደለህ እንዴ?»

«በምን ላምጣቸው መዲና? እዚህ ምን አለኝ?»

«ምንም ባይኖርህ አፍ አለህ። ተናገራት!»

«እሷ አስባበት ነው የሄደችው። ሰው ያሰበበትን እንዴት አስጥለዋለሁ? ፈቅዶ ሲመጣ ነው የሚያምረው» አለኝ። አነጋገሩ ስለ ጨፋ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ንዴቴ ሳይወጣልኝ ሄደ።

ባቲ የሄደው ገበያውን ሊቀዳ ነበር። ከቆላ የሚመጡ አፋሮች፣ ከደጋ የሚወርዱ ነጋዴዎች፣ ግመል፣ ፍየል፣ ክርክር፤ ያንን ሁሉ ድምፅ ጨፋ ውስጥ ሊያስገባው አስቧል። ሲመለስ ትኩሳት ይዞት ነበር። «ወባ ነው፤ የለመድኩት ነው» አለ። ሐኪም ቤት ሂድ አልኩት፤ ነገ አለኝ። በማግስቱ በሩ ሳይከፈት ቀረ፤ ከጎረቤት ጋር ቤቱ ገብተን ስናየው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ሐኪም ቤት አደረስነው፤ ከሰዓት በኋላ አረፈ። አላህ ይዘንለት።

በእኛ ልማድ ሬሳ አይቆይም፤ ያኑ ዕለት የዐስር ሰላት ተሰግዶ ተቀበረ። ሰው ብዙ ነበር፤ ከሚሴ ለቀብር አትሰስትም። አሊዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ኢድሪስ ዕድሜውን የጨረሰበትን ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። «ደግ ሰው ነበር፣ ኮምፒውተር ይጠግን ነበር» ይሉ ነበር ሰዎች። ዘይነባ ከአዲስ አበባ የደረሰችው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ልጆቹን ወንድሟ ጋ ትታ ብቻዋን ነበር የመጣችው። ዓይኗ ደርቆ ነበር። መቃብሩ ላይ ወስዳችሁ አሳዩኝ ብላ ጠየቀችን፤ ወሰድናት።

ለቅሶው ሳይበተን የአዲስ አበባው ሰውዬ ደወለላት። ሐዘኑን ገለጸ፤ ከዚያ ነገሩን አመጣ። ፈረንጆቹ የሠሩትን መቆለፍ አይቻልም፤ ድቤውና ቅኝቶቹ ግን የኢድሪስ የራሱ ሥራ ናቸው፣ ወራሾቹ ከፈቀዱ ለድርጅቱ ይሸጣሉ፣ ሕጉም አይከለክልም። እስካሁን በነፃ የወጣው እንዳለ ይቆይ፣ ከዚህ በኋላ የሚሻሻለው ግን የእኛ ይሁን አለ። ውሉን ወደ እኔ ሱቅ ላከው፤ አተምኩት። አነበብኩት። የሚከፍሉት የሁለቱን ልጆች ትምህርት ቤት ለዓመታት ይችላል።

እኔ አቋሜን አልደብቅም። «ፈርሚ» አልኳት። «እሱ ሄዷል። አላህም ይቅር ይለዋል፣ ሰውም ይቅር ይላል። ኢንተርኔት ላይ ያሉትም እንቀጥለዋለን ብለዋል፤ ነፃው አይጠፋም። አንቺ ልጆችሽን አሳድጊ።»

ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ወዲያው አላነበበችውም፤ በእጇ ትመዝነው ይመስል ነበር። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«አልፈርምም።»

«ለምን? ሐላል ነው እኮ!»

«ሐላል መሆኑን አውቃለሁ። ግን አሁን ከሸጥኩት ያኔ ለምን ተለያየን? ልጆቼ ‹አባዬ ለምን ብቻውን ሞተ?› ቢሉኝ ምን እላለሁ? ‹አልሸጥም ያለውን ነገር ብሎ ነው፤ እኔ ደግሞ ከቀብሩ በኋላ ሸጥኩት› ልበላቸው? ያን ሁሉ ዓመት ከንቱ አላደርገውም መዲና። የተለያየንበት ነገር ቢያንስ የተለያየንበት ሆኖ ይቅር።»

ውሉን ከጠረጴዛው አነሳሁ። አጣጥፌ ቡና የማፈላበት ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

የመሄጃዋ ቀን ወደ መናኸሪያው ሸኘኋት። ሚኒባሱ ገና አልሞላም፤ ረዳቱ «አዲስ አበባ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ ገና ግማሹ ባዶ ነው። በር አጠገብ ተቀመጠች፤ እኔ መሬት ላይ ቆምኩ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ስቱዲዮው ዕቃ፣ ስለ አርባው ሰደቃ አወራን። ከዚያ ድንገት፦

«ያኔ ለምን እንደሄድኩ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ልጆቹን ለማሳደግ ነዋ።»

«እሱማ ለሰው የምለው ነው። ሻንጣዬን ሳስር ቆሞ ያየኛል። ‹ልሂድ?› አልኩት። ‹ካሰብሽበት እሺ› አለኝ። በር ላይ ደርሼ ‹ልሂድ እንግዲህ› አልኩት። ሻንጣውን ተሸከመልኝ። እዚህ፣ እዚሁ መናኸሪያ፣ መኪናው እስኪነሳ ፊት ፊቱን ሳየው ነበር። ረዳቱን ‹ቀስ ብለህ ጫንላት› ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ‹አትሂጂ› ቢለኝ፣ ወላሂ፣ ከነልጆቼ ወርጄ ቆሎ እየቆረጠምኩ እኖርለት ነበር። ሰውን መያዝ ግፍ ይመስለዋል። እኔ እኮ እንዲይዘኝ ነበር የነገርኩት።»

እስከዚያች ደቂቃ ያላለቀሰችው ሴትዮ ጉንጯ በእንባ ራሰ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ሰው ፊት የማላደርገውን አደረግኩ። የቦርሳዋን ማንገቻ ጨብጬ ያዝኩት።

«ማሎ ዘይነባ፣ ሂን ዴሚን» አልኳት። «ዛሬ አትሂጂ። ነገ ትሄጃለሽ። ዛሬ እኔ ጋ እደሪ።»

አየችኝ። መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ ቦርሳዋን አቅፋ ወረደች። ረዳቱ «እናንተ ሴቶች፣ ወንበር ይዛችሁብኝ ነው እንዴ የምትወርዱት!» እያለ ከኋላችን ጮኸ።

እኔ ቤት አደረች። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ኢድሪስ ሳናወራ ተኛን። በማግስቱ ልጆቿ ይጠብቋታልና ሸኘኋት፤ ሄደች። ኢድሪስን በብዙ ነገር አደንቀዋለሁ፤ እንደ እሱ ያለ ሰው ዳግም ጎረቤት እንደማይሆነኝም አውቃለሁ። በዚህ አንድ ነገር ግን ሞቶም እቆጣዋለሁ። «አትሂጂ» ብሏት ቢሆን ኖሮ ትወርድ ነበር፤ ቃሉም ያን ያህል የሚከብድ አልነበረም።